የማይሶሩ መምህር

በዮጋ ትምህርት ክብር የሚፈሰው ከተማሪ ወደ መምህር ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃም አያጡም፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሕንድ፣ በማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያ ቁጡ ነበር፤ ተማሪውና የሚስቱ ወንድም የሆነው አየንጋር ስለዚያ ዘመን ፍርሃቱ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ይሁንና ይኸው መምህር ሴትም የውጭ ሰውም ናት ብሎ ልማር ያለችውን ኢንድራ ዴቪን አልቀበልም ካለ በኋላ፣ ትጋቷን አይቶ ራሱ ‘አስተምሪ’ አላት። የማይሶር ገዥ የነበረው ማሃራጃ አስገድዶት ነው ይባል ይሆናል። በሩን ያስከፈተው የማሃራጃው ቃል መሆኑ እውነት ነው፤ ለማስተማር ያበቃት ግን ሥራዋ ነው። ደግሞስ በስተርጅናው በማድራስ ተማሪውን ለብቻው እየተቀበለ፣ ዕድሜውንና ሕመሙን ጠይቆ፣ ትንፋሹን አዳምጦ እንቅስቃሴውን በልኩ ሲያዘጋጅለት ማን አስገደደው?