ውሻ በአገራችን ታሪክ

አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆናቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገሥታቱ በፈረሶቻቸው ስም ተጠሩ፤ ፈረሶቹም በታሪክ ገቡ። እነዚያን ፈረሶች ሌሊት ከጅብ የጠበቀው ውሻ ግን ስሙ ተጽፎ አላየንም።

ይሁን እንጂ የደጋው ገበሬ ኑሮ ያለ ውሻ የሚታሰብ አልነበረም። ውሻ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፤ እህል ሲደርስ ዝንጀሮ ያባርራል፤ ሌሊት በረት ይጠብቃል። ጌታውም ተኝቶ ሳለ የጩኸቱን ዓይነት ሰምቶ ለሰው ይሁን ለአውሬ መጮኹን ይለያል። ለዚህ ሁሉ ድካም ደመወዙ ፍርፋሪ፣ ማደሪያውም ደጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከገባማ እንደ ትልቅ ርኩሰት ይቆጠራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እንኳ፣ ታማኝነቱን የሚመሰክር ሆኖ ሳለ፣ ለሰው ሲነገር ስድብ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በደም ነገር የተሰጠው ሥፍራ ነው። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይጠየቅ፣ ካሣም ሳይከፈል ሲቀር «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ከልብ በግዕዝ ውሻ ማለት ነውና፣ ስለ ውሻ ደም የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። በእኔ አሳብ በአገልግሎቱና በክብሩ መካከል ያለውን ርቀት እንደዚህ ቃል የሚገልጥ የለም። በሩቁ የሐዋይ ደሴቶች የጥንት ሰዎች ውሻን አርብተው በግብር ላይ ያቀርቡት፣ የክራንቻ ጥርሱንም ሰክተው ለጭፈራ በእግራቸው ያስሩት ነበር። እኛ ዘንድ ሥጋውን መብላት ነውር ነው፤ ስለዚህ በሕይወቱ እንጂ በሞቱ አይፈለግም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ ብቻ ከዚህ ዕጣ አመለጠ። በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ በዓል በተሠራው ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀብሮ የመቃብር ድንጋይ ቆሞለታል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ ቦሌ ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበረ። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ወዲህ ቪላዎች ሲበዙ ውሻውም ከበረት ወደ ብረት በር ተዛወረ። ዛሬ በየበሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጅብ ከየካ ተራራ ሌሊት መውረዱን ባይተውም፣ ውሻው የሚገዛው ስለ ሌባ ነው።

ሰው ውሻን የሚፈራበት ምክንያትም አለው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ሥፍራ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬም ሰው ይገድላል። ስለዚህም በከተማችን ጌታ የሌለው ውሻ በመርዝ ሲገደል ኖሯል። ከብረት በሩ ውስጥ ያለው ይከተባል፤ ከዘበኛው ጋር እሳት ዳር የሚያድረውን የሰፈር ውሻ ግን ለክትባት የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው።