አሜከላ በብር ላይ

ገበሬ ከእርሻው ነቅሎ የሚጥለውን እሾኻም አረም የስኮትላንድ ነገሥታት በብር ላይ አስቀረጹት። በእ.ኤ.አ. 1470 ገደማ፣ ሳልሳዊ ጄምስ በዙፋን ላይ ሳለ በታተሙ የብር ሳንቲሞች ላይ አሜከላ ብቅ አለ፤ ተክሉ የዚያ መንግሥት ምልክት ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ነው።

ስኮትላንዳውያን ከዚህ የቆየ ታሪክ ይተርካሉ። በ1263 ላርግስ በተባለው የባሕር ዳርቻ የኖርዌይ ወታደሮች ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው በሌሊት ሲያደቡ፣ አንዱ አሜከላ ረግጦ ጮኸ፤ ተኝተው የነበሩት ስኮቶችም ነቅተው ድል አደረጉ ይባላል። የላርግስ ውጊያ እውነት ነው። የእሾሁ ነገር ግን አፈ ታሪክ ነው፤ እኔም የማምነው ብሩን ነው። ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ ማንም ሊያሳምረው አይችልም።

በ1503 ራብዓዊ ጄምስ የእንግሊዙን ንጉሥ ልጅ ማርጋሬት ቱዶርን ሲያገባ፣ ባለቅኔው ዊልያም ደንባር ለሠርጉ የጻፈውን ግጥም «አሜከላውና ጽጌረዳዋ» ብሎ ሰየመው። ጽጌረዳዋ እንግሊዝ መሆኗ ነው። በዚያ ጋብቻ የተተከለው የዘር ሐረግ ፍሬ ያፈራው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አሜከላ በስኮትላንድ ብር ላይ ገና መግነን ነበረበት። በ1578 የማርጋሬት የልጅ ልጅ ልጅ ሳድሳዊ ጄምስ የአሥራ ሁለት ዓመት ንጉሥ ነበር። በስሙ የወጣው ትልቁ ብር ሁለት መርክ ያወጣል፤ ሰብሳቢዎች የአሜከላ ዶላር ይሉታል፤ አያቶቻችን ጠገራ እያሉ የተገበያዩበት የማሪያ ቴሬዛ ብር የሚመዘዝበት የታለር ወገን ነው። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ጋሻ፣ በጋሻው ላይም የቆመ አንበሳ አለ። በሌላው ፊት አሜከላው ቆሟል፤ ዙሪያውንም በላቲን «የነካኝ ሁሉ ሳይቀጣ አይቀርም» የሚል ቃል ከብቦታል። አሳዳጊዎቹ ሥልጣን የሚነጣጠቁበት አንድ ልጅ ይህን ቃል በገንዘቡ ላይ ማውጣቱ እጅግ ይነካኛል። በ1687 የተቋቋመው የአሜከላ ኒሻንም ይህንኑ ቃል መፈክሩ አደረገ።

ሰብሳቢዎች ይበልጥ የሚያዘወትሩት ግን ታናሹን፣ ከ1601 እስከ 1604 የታተመውን የአሜከላ መርክ ነው። ዋጋው 13 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ፣ ማለትም የስኮትላንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነበር። አሠራሩ የእጅ ነው፤ አንዱ ቅርጽ ከታች ይተከላል፣ ክቡ ብር ይቀመጥበታል፣ ሁለተኛው ቅርጽ ከላይ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። መቺው እጁ ትንሽ ካዘነበለ የአሜከላው ዘውድ ግማሹ ከብሩ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት መርክ አይገኝም።

በ1603 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትሞት ጄምስ የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ወደ ለንደን ሄደ። የስኮትላንድ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ረክሶ አሥራ ሁለቱ ፓውንድ የሚመነዘረው በአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር። ንጉሡም መርኩ በእንግሊዝ በ13 ፔኒ ከግማሽ እንዲያልፍ አወጀ። የለንደን ሕዝብ ይህን መጠን የሰቃይ ደመወዝ ይለው ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ሁለት ፔኒ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ብር ነው፤ ነገር ግን የሁለት መንግሥታትን ጉዳይ በሁለት ፊቱ ይዟል። በአንዱ ዘውድ የደፋች ጽጌረዳ «እሾህ የሌላት ጽጌረዳ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ትታያለች። ሲገለበጥ አሜከላው ከነእሾሁ፣ እርሱም ዘውድ ደፍቶ፣ «የተባበሩትን እግዚአብሔር ይጠብቅ» በሚል ጸሎት ተከቧል። ጄምስ ሁለቱን አገሮች በአንድ ፓርላማ ሥር ለማዋሐድ ቢደክምም በሕይወቱ ሳለ አልተሳካለትም። በኪስ ውስጥ ግን ሁለቱ አበቦች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ዋሉ።

ውሕደቱ በ1707 ሲጸድቅ የስኮትላንድ የራሷ ገንዘብ አበቃ። አሮጌው ብር ተሰብስቦ ቀለጠና በንግሥት አን ምስል እንደገና ተመታ። ኤድንብራ ላይ የተመታውም ከንግሥቲቱ ምስል ሥር በተቀረጸ አንድ ፊደል ብቻ ይለይ ነበር። በ1709 የከተማዪቱ ማተሚያ ቤት የመጨረሻውን ሳንቲም መታ። ለኤድንብራ ይህ መራራ ነበር፤ ከዚያ ምድጃ የተረፉት መርኮች ናቸው ዛሬ በሰብሳቢ እጅ ያሉት።

አሜከላ ግን ከብሪታንያ ገንዘብ አልጠፋም። ከ1968 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ዘውድ ደፍቶ በአምስት ፔንስ ላይ ኖረ። በ2014 ደግሞ ከሰማያዊ ደወል አበባ ጋር በአንድ ፓውንድ ላይ ወጣ፤ ለሰብሳቢዎችም በብር ተሠራ። እንደ መስታወት ያበራል፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሆኖም ይህ በብር የተሠራው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው ቢጠይቀኝ ከእርሱ በፊት መርኩን እለዋለሁ፤ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ለማንጠልጠያ ተበስቶ ያልተደፈነ፣ ከተቻለም ዓመቱ በግልጽ የሚነበብ።