የካምቢዮ ኦይል ፓን፦ ከድራግ ሬሲንግ እስከ ሐረር ፔጆ 404

የመኪና ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ይህችን ዕቃ ስሟን ሳታውቁ አይታችኋታል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ካሜራው ከሥር ሲያሳይ፣ ካምቢዮው ሆድ ላይ በብሎን የታሰረች የምታብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሣጥን አለች። ኦይል ፓን ትባላለች፤ የካምቢዮ ዘይት መያዣ ቋት ናት። ለውድድር መኪና በልክ እየተሠራች ትሸጣለች። "እኔስ መኪናዬ ላይ ባስገጥማት?" ለሚል መልሱ የሚወሰነው በሚነዳበት መንገድ ነው።

ሥራዋ ምንድን ነው?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ኃይል ማስተላለፊያም ነው። ፓምፑ ከፓኗ ዘይቱን በፊልትሮ በኩል ስቦ በግፊት ወደ ውስጥ ይልካል። ያ ግፊት ነው የውስጥ ፍሪሲዮኖችን አጥብቆ የሚይዘው። ሥራውን የጨረሰው ዘይት ተመልሶ ፓኗ ውስጥ ይወርዳል። ዘይቱ ካነሰ ወይም ፓምፑ አየር ከሳበ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ ይቃጠላሉ። ካምቢዮ "ሞተ" የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ድራግ መኪና ለምን የተለየ ይፈልጋል?

ድራግ ሬሲንግ ሁለት መኪኖች ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው። ብዙ ተወዳዳሪዎች እስካሁን የድሮ የአሜሪካ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይጠቀማሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው ባለ ሁለት ማርሹ ፓወርግላይድ ዛሬም ተፈላጊ ነው። በልክ የምትሠራው ፓን ሦስት ነገር ታቃልላለች።

1. የዘይት መሸሽ፦ መኪናው ሲተኮስ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊልትሮው ባዶ ይቀራል። ጠለቅ ያለች ፓን ከ1 እስከ 4 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ዘይት ትይዛለች። አንዳንዷ ዘይቱ እንዳይዋልል ውስጧ መከለያ አላት።

2. ሙቀት፦ ዘይት በበዛ ቁጥር ቶሎ አይግልም። አሉሚኒየሟም ሙቀቱን ወደ ውጭ ታወጣለች።

3. ፍተሻ፦ ብዙ የፋብሪካ ፓኖች ማፍሰሻ ብሎን የላቸውም፤ ዘይት ለመቀየር ፓኗ መፈታት አለባት። የውድድሯ ግን ማፍሰሻ ብሎንና የሙቀት መለኪያ መግጠሚያ ይኖራታል።

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት አለ። ፓኗ ጠልቃ ፊልትሮው በቦታው ከቀረ፣ የተጨመረው ዘይት ከሥር ተኝቶ ይቀራል። ፊልትሮውም አብሮ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ሐረር ላይ ስንመጣስ?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ስትቆሙ ፔጆ 404 ታክሲ ታያላችሁ። ባጃጅ ሥራውን ቢሻማውም ስሙ ከከተማዋ ጋር ተያይዟል። ፔጆ ይህን ሞዴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ቅርጹን የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ጥንካሬውን ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ አስመስክሯል፤ የሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል።

የታክሲዎቹ ካምቢዮ ማኑዋል ነው፤ አራት ማርሽ፣ መቀየሪያው መሪው ሥር። ግፊት የሚጠብቅ ፍሪሲዮን ካምቢዮው ውስጥ የለም። ጥርሶቹ ሲሽከረከሩ ዘይቱን እያነሱ ራሳቸውን ይቀባሉ። ስለዚህ እንደ አውቶማቲክ ሰፊ የዘይት ቋት ከሥሩ ማንጠልጠል አያስፈልገውም። መካኒኩ ፈትቶ፣ አይቶ፣ የተበላውን ቀይሮ መልሶ ይገጥመዋል። እንዲህ ያለ መኪና ስድሳ ዓመት ቢያገለግል አይገርምም።

አሁን ከተማው ውስጥ የሚገቡት ብዙዎቹ የቤት መኪኖች ግን አውቶማቲክ ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ አስቡት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። የደንገጎን ዳገት ሰው ጭኖ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ መውጣት የካምቢዮ ዘይት በጣም ያሞቃል። ሐረር ስትደርሱ ደግሞ ኮብልስቶን፣ ጉብታ፣ የጀጎል ጠባብ መንገድ አለ። ሙቀቱን ብቻ ካያችሁ ጠለቅ ያለች ፓን ትመረጣለች። ጉብታውን ስታዩ ግን ያቺው ፓን መጀመሪያ የምትመታው እሷ ናት። የውድድር ሜዳ ላይ ጉብታ የለም፤ እኛ ጋ አለ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

👉 ለከተማ መኪና የፋብሪካዋ ፓን ትበቃለች። ገንዘብ ካላችሁ ከሥር መከላከያ ላሜራ አስገጥሙ።

👉 ዳገት ላይ ማርሹን "ዲ" ላይ ብቻ አትተዉት፤ ዝቅ አድርጉት። ከሞቀ ቆማችሁ አሳርፉት።

👉 ዘይቱን እዩት። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

👉 ፓኗ ስትፈታ ውስጧ ያለውን ማግኔት ተመልከቱ። ግራጫ ለጥ ያለ ጭቃ የተለመደ ነው። የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ውስጥ የሚሰበር ነገር አለ።

👉 የፓኗን ብሎኖች ከልክ በላይ ማጥበቅ ጓርኒሲዮኑን ያበላሻል፣ ፓኗንም ያጣምማል። ያንጠባጥባል ብሎ መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል።

👉 እንደ ቪትዝ ካሉት መኪኖች አንዳንዶቹ ሲቪቲ ናቸው። ዘይታቸው ሌላ ነው፤ ከተራው አውቶማቲክ ዘይት ጋር አትቀላቅሉ።

👉 ጉብታ መታችሁ ዘይት ከፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና አስጎትቱ። "ጋራዥ እስክደርስ" ብለው የሚነዷት ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በብየዳ ወይም በአዲስ ፓን ይጠገን የነበረውን ወደ ሙሉ ካምቢዮ ወጪ ትቀይረዋለች። በመኪናው ለሚያድር ሰው ደግሞ ያ የወራት ገቢ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ እንዲህ ያለ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ የላቸውም። እንግዲህ አሁን እጃችን ላይ ያሉት አውቶማቲኮች እንደ ፔጆ 404 ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ከፈለግን፣ ከመኪናው ሥር አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። መሬቱ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ጠብታ ካለ ዛሬውኑ አሳዩት።