የ3000 ካርቶኖቹ ሰውዬ

ዛሬ ኮምፒውተር ከፍታችሁ በአር ወይም በፓይተን «10,000 ናሙና አውጣና የእያንዳንዱን ቫሪያንስ አስላ» ብትሉት ዐይናችሁን ሳትጨፍኑ ይጨርሰዋል። ይህንኑ ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ነበር፤ ዊሊያም ጎሴት ይባላል።

ጎሴት በ1899 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የተቀጠረ ኬሚስት ነው። የገብስ ሙከራ ብዙ ወጪና ጊዜ ስለሚጠይቅ በጥቂት ልኬቶች ብቻ ውሳኔ መስጠት ነበረበት። የዘመኑ ስታትስቲክስ ግን የተሠራው ልኬቱ ብዙ ለሆነለት ሰው ነው። በ1906 ለንደን ወደነበረው ወደ ካርል ፒርሰን ቤተ ሙከራ ሄዶ ችግሩን ይዞ ተቀመጠ።

የ3000 እስረኞች ቁመትና የግራ እጅ መሐል ጣት ርዝመት ቀደም ሲል ታትሞ ነበር። (እስረኞቹን ማን ጠየቃቸው? ያው ማንም።) ጎሴት ልኬቶቹን በ3000 ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፈ፣ በደንብ በወዘ፣ አንድ በአንድ እያወጣ አራት አራቱን አንድ ናሙና አደረገ። 750 ናሙና መሆኑ ነው። ለቁመቱም ለጣቱም የየናሙናውን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አሰላ፤ በድምሩ 1500 ጊዜ!

የሁሉም ልኬት በእጁ ስላለ እውነተኛውን ቫሪያንስ ያውቀዋል። አራት ቁጥሮች ብቻ ምን ያህል እንደሚያሳስቱ ማየት ይችላል ማለት ነው። አራት ቁጥሮች ከራሳቸው አማካይ ሲለኩ ከእውነተኛው አማካይ ከሚለኩት ይልቅ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ስለዚህ ለ4 ካካፈላችሁ ቫሪያንሱ በአማካይ የእውነተኛውን ሦስት አራተኛ ብቻ ይሆናል። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ለምን ለ3 እናካፍላለን?» ስትሉኝ የነበረው መልሱ ይኸው ነው። የሚገርመው ጎሴት ራሱ በዚያ ጽሑፍ ያካፈለው ለ4 ነው።

ለ3 ማካፈል አማካዩን ያስተካክላል እንጂ ሁሉንም ችግር አይፈታም። የአንዱ ናሙና ቫሪያንስ ኢምንት፣ የሌላው እጅግ ትልቅ ይወጣል። ኢምንት በወጣበት ናሙና ተራ ልዩነት ትልቅ ግኝት ይመስላል። ጎሴት ይህን የሚያስተካክል ቀመር በሒሳብ አወጣ፤ ግማሹ ግን ግምት ነበር። ካርቶኖቹ ግምቱን ደገፉለት፤ ሙሉውን ማረጋገጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮናልድ ፊሸር ሠራው።

ጽሑፉ በ1908 ባዮሜትሪካ ላይ ወጣ። ፋብሪካው በስም ማሳተም ስለማይፈቅድ ደራሲው «ስቱደንት» ተባለ፤ ተማሪ ማለት ነው እኮ! ቲ-ቴስት የምንለው የመጣው ከዚህ ነው።

ኮምፒውተር ያላችሁ ሞክሩት፦ ቫሪያንሱ 1 ከሆነ ኖርማል ስርጭት አራት አራት ቁጥር 10,000 ጊዜ አውጡ፣ ለ4 እያካፈላችሁ ቫሪያንስ አስሉ፣ አማካዩን ውሰዱ። 0.75 አካባቢ ካልመጣላችሁ ኮዱን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አብረን እናየዋለን።