ዜና ነፋስ ስልክ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። በሽቦውም የሰው ድምፅ ሰውየው ሳይመጣ መጣ፤ ሕዝቡም ስልክ አለው። ስልክ የዐረብ ቃል ነው፤ ትርጓሜው ክር ነው፣ ዶቃና ሉል የሚሰካበት ክር። ኋላ የብረቱ ሽቦም በዚሁ ስም ተጠራ። ሐር ማለት የሆነው የእንግሊዞች ሲልክ ድምፁ ቢመስልም ዘመዱ አይደለም።

እንግሊዞች ሽቦን ዋየር ይሉታል። ይህም ቃል በቀደሙት ባለቅኔዎቻቸው ዘንድ ሌላ መልክ ነበረው። አንጥረኛ ከወርቅ የሚስበው፣ በቀሚስና በራስ ጌጥ ላይ የሚጠለፈው ቀጭን ክር ዋየር ይባል ነበር። ስለዚህ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ገጣሚዎች የወዳጃቸውን ጠጉር ሊያሞግሱ ሲሹ ከዋየር ጋር ያመሳስሉት ነበር፤ በ1609 እ.ኤ.አ. የታተሙት የሼክስፒር ሶኔቶችም ይህን የተለመደ ውዳሴ ያነሡታል። የዛሬ ተማሪ ያን ሲያነብ የአጥር ሽቦ ይታየውና ስድብ መስሎት ያልፋል። የቃሉን የቀድሞ ወርቅ የሚያሳየው መምህር ቢያገኝ ግን ግጥሙ ይከፈትለታል። እንግዲህ የእኛ ስልክና የእነርሱ ዋየር አንዱ ከአንገት ጌጥ፣ አንዱ ከራስ ጌጥ ተነሥተው የመንግሥት መልእክት ተሸካሚ ሆኑ። እኔ ይህን በማየቴ ደስ ይለኛል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ማርኮኒ የተባለ የኢጣሊያ ሰው ከእንግሊዝ አገር የተላከችውን አንዲት ፊደል አትላንቲክ ማዶ ሆኖ ሰማ። በመካከል ሽቦ አልነበረም። እንግሊዞች ለዚህ ነገር ስም ቢፈልጉ ዋየርለስ አሉት፣ ሽቦ የሌለው። ፈረንሳዮችም ክር የሌለው ቴሌግራፍ አሉ። ሁለቱም በጎደለው ነገር ሰየሙት።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ይህ ጥበብ ወደ ከተማችን ደቡብ መጣ። ታላቁንም ጣቢያ አቃቂ ላይ አንሳልዶ የሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ ሠራው። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ለነገሩ ስም አወጣ፤ የጎደለውን አልቆጠረም። ድምፁ በምን እንደሚሄድ ጠየቀና፣ ሽቦው ነፋስ ነው ብሎ ነፋስ ስልክ አለው። ሁለት ስም ያለ ምንም ማያያዣ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ቅኔ ዐዋቂ ቢሰማው የሚወደው አጭር ነገር ነው። ደግሞም በግእዝ ነፋስና ነፍስ፣ መንፈስም ከአንድ ሥር ናቸውና፣ ስሙን የሰማ ሁሉ እስትንፋስ የተሸከመ ቃል እንደ ሰማ ነው። የፊዚክስ መምህር ሞገዱ ነፋስ አይሻም፣ ባዶውንም ሕዋ ያልፋል ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን እንግሊዞችም መስኮትን ዊንዶው ሲሉ የነፋስ ዓይን ማለታቸው ነው፤ ከሰሜን ሰዎች የወረሱት ቃል ነው፤ መስኮት ዓይን የለውም ብሎ የሞገታቸው የለም።

በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢጣሊያ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በራዲዮ ተናገሩ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም ቃላቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ንግግር ብሮድካስት ይሉታል፤ ይህም ቀድሞ የገበሬ ቃል ነበር፤ ዘርን በእፍኝ እያፈሱ በማሳው ላይ መበተን ማለት ነው፤ የእኛ ገበሬ ጤፍ ሲዘራ እንደሚያደርገው። የእቴጌይቱም ቃል እንዲሁ ተበተነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጠላት የመረብን ወንዝ ተሻገረ።

ከጠላት መውጣት በኋላ ራዲዮ የሚለው ቃል በረታ፤ ከላቲን ጨረር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ነፋስ ስልክም ከመሣሪያው ላይ ወርዶ በከተማው ደቡብ የሰፈር ስም ሆኖ በመሬቱ ላይ ቀረ። በእንግሊዝ አገርም ዋየርለስ የሽማግሌዎች ቃል ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒውተርና ዋይፋይ ሲመጡ እንደ ገና ተነሣ። የእኛው አልተነሣም። ተርጓሚዎቻችን ገመድ አልባ አሉ፤ ይኸውም የእንግሊዞቹ የጉድለት ስም በአማርኛ ልብስ ነው። የራሳችን ቃል፣ ያውም የተሻለው፣ በሰፈር ታፔላ ላይ ተጽፎ ሳለ ማንም አልጠራውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዛሬም ሳይመሽ ቢጠሩት እወዳለሁ።

ስሙ ከጊዜ በኋላ ንፋስ ስልክ ተብሎ ተጻፈ፤ ትምህርት ቤትና ቀለም ፋብሪካ ተጠሩበት፤ ከላፍቶም ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ ስም ሆነ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ወደ ቃሊቲ መሄድ ሲጀምር ሁለት ፌርማታዎች ንፋስ ስልክ 1 እና ንፋስ ስልክ 2 ተባሉ። ባቡሩ ኃይሉን ከራሱ በላይ ከተዘረጋ ሽቦ ይወስዳል። ከሥሩ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሽቦ የሌለውን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የት ደረስክ ለሚለው ወዳጁ፣ ንፋስ ስልክ ነኝ ይላል።