ጆን በርንስ፤ ከመካኒክነት እስከ ሚኒስትርነት

ጆን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፤ የመካኒክነት ሙያ እየተማረም የጎደለውን ዕውቀት በማታ ትምህርትና በንባብ አሟላ። በ1889 መጀመሪያ የባተርሲ ሠፈር ነዋሪዎች ለለንደን ምክር ቤት መረጡት። በዚያው ዓመት የወደብ ሠራተኞች የሰዓት ክፍያቸው ስድስት ፔኒ እንዲሆን ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመሪዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። አድማው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በሠራተኞቹ ድል ተፈጸመ፤ ከአውስትራሊያ ሠራተኞች የተላከው የገንዘብ ርዳታ ለዚህ ድል ያበረከተው ድርሻ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በርንስ በ1892 የፓርላማ አባል፣ በ1905 ደግሞ የአካባቢ አስተዳደርን የሚመራ ሚኒስትር ሆነ። የቀድሞ ጓዶቹ ለሥራ አጦች የሚገባውን አላደረገም ሲሉ ወቀሱት፤ ወቀሳውም መሠረት የለሽ አልነበረም። ብሪታኒያ በ1914 ወደ ጦርነት ስትገባ ግን ውሳኔውን በመቃወም ሥልጣኑን ለቀቀ።