ቦታና ድምፅ፤ ከወይጦ ወንዝ እስከ ጂንካ ሜዳ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው አንድ ሰው በእግሩ እየተጓዘ የረገጠውን ስፍራ ታሪክ እዚያው በጆሮው በሚሰማበት ጥበብ ላይ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የእጅ ስልክ ያከናውነዋል። ስልኩ ከሳተላይት በሚደርሰው ምልክት ያለበትን ነጥብ ይለያል፤ ተጓዡ በካርታ ላይ ወደ ተከለለ ክበብ ሲገባም ለዚያ ስፍራ የተቀዳው ትረካ በራሱ ይጀምራል።

የጥበቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአምስተርዳም የሚገኘው ስቴደሊክ ሙዚየም በአጭር ርቀት የሬዲዮ ሞገድ ለጎብኚዎች ማብራሪያ ማሰማት ጀመረ። በ1991 ካናዳዊቷ አርቲስት ጃኔት ካርዲፍ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ በጫካ የሚሄዱበትን ሥራ አቀረበች፤ በ1999 ደግሞ አድማጮቿን በምሥራቅ ለንደን መንገዶች መራች። በእነዚህ ሥራዎች መሣሪያው አድማጩ የት እንዳለ አያውቅም፤ እርምጃውን ከድምፁ ጋር የሚያስማማው አድማጩ ራሱ ነበር። በ2000 የአሜሪካ መንግሥት በሲቪሎች የሳተላይት ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት አነሣ። እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው መዛነፍም ወደ 20 ሜትር ገደማ ወረደ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የአንድን አደባባይ ሁለት ዳርቻዎች ለይቶ መተረክ ቻለ።

በእኛ አካባቢ ግን ቃልን ከቦታ ጋር ማሰር ከመሣሪያው በብዙ ይቀድማል። ጎረቤቶቻችን ኮንሶዎች በየሞራው የትውልድ ምሰሶ ያቆማሉ። ምሰሶዎቹን ማንም ሊቆጥራቸው ይችላል፤ የእያንዳንዱን ትውልድ ሥራ የሚነግረን ግን እዚያው ቆሞ የሚያስረዳ አዋቂ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሐመር ነው። ሽማግሌው ባልዳምቤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለኢቮ ሽትሬከርና ለጂን ሊዳል የተረኩት በቴፕ ተቀድቶ በ1979 በመጽሐፍ ታትሟል። ከሥራው ሦስት ቅጾች የመጨረሻው የዳምባይቲን መንደር ስም በርእሱ ይዟል። ስለዚህ ስፍራው በርእሱ ላይ አለ፤ ቃሉ ግን በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ የሚነበብ ሆኗል። ድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የሚቀርበትን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በወይጦ ነው። ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሁሉ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደውን ይህን ወንዝ ይሻገራል። ሸለቆው የፀማይ ሕዝብ መኖሪያ ነው። በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ቢራሌ ተብለው የሚጠሩት ኦንጎታዎችም ይኖራሉ። ማኅበረሰቡ ፀማይኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ በ2000ዎቹ ዓመታት ኦንጎትኛን የሚናገሩት ከአሥር የማይበልጡ አረጋውያን እንደነበሩ የቋንቋ ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

እንግዲህ መንገደኛው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ስልኩ በየትኛው ቋንቋ ይናገር? ለጎብኚ በሚመቹት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ የሸለቆው ልጆች ስለ ገዛ ወንዛቸው ከሌላ ሰው አንደበት የሚሰሙ እንግዶች ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ዋና ጥቅም ለእኛ የተወሰደ ድምፅን ወደ ስፍራው መመለስ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ቅጂ በባለቤቱ ቋንቋ መሆን አለበት፤ ትርጉሙ ይከተለዋል። ማን ምን የመናገር ሥልጣን እንዳለው፣ የትኛው ቃል ለማንኛውም አላፊ እንደማይሰማ የሚወስነውም ማኅበረሰቡ ነው። በካርታ ላይ ክበብ ማስመር ቀላል ነው፤ በክበቡ ውስጥ ማን ይናገር የሚለው ጥያቄ ግን የታሪክ ባለሙያውን ኃላፊነት ይጠይቃል።

ሥራውን ከጂንካ መጀመር ይቻላል። በከተማዋ መካከል ለረጅም ዘመን አውሮፕላን ሲያርፍበት የኖረው የሣር ሜዳ ለማያውቀው ባዶ መሬት ነው፤ ለከተማው ሰው ግን የመምጣትና የመሄድ ታሪክ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በኮረብታው ላይ እስካለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ድረስ በእግር የሚያስኬድ ትረካ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሳተላይት ምልክት ያለ ስልክ ኔትወርክም ይሠራል፤ ድምፁም አስቀድሞ ሊጫን ይችላል።

ተማሪዎቼ፤ መሣሪያው ሊጠብቀን ይችላል፤ በየዓመቱ እየተሻሻለ ይሄዳል። ቦታውን የሚያውቁት አረጋውያን ግን አይጠብቁንም። መቅጃችሁን ይዛችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ነገሩ በተፈጸመበት ስፍራ አብራችኋቸው ቁሙ።